ጋቢ፣ ባና ወይስ ስሊፒንግ ባግ? ለሰሜን ተራሮች ብርድና ዝናብ ጓዝ ስንመርጥ

ነሐሴ ነበር። ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስንሄድ ዝናቡ የያዘን የጅንባርን ወንዝ ሳንሻገር ነው። ጋቢዬን ከበቅሎዋ ጭነት በላይ አስሬዋለሁ። ላስቲክም አልብሼዋለሁ። ላስቲኩን ግን የአስታ ቅርንጫፍ ቀዶት ኖሯል፤ አላየሁም። ካምፕ ስንደርስ ጋቢውን ከጓደኛዬ ጋር በሁለት ጫፍ ይዘን ጠመዘዝነው። ውሃው ከቧንቧ እንደሚወርድ ወረደ። ስሊፒንግ ባግ አልነበረኝም። «ጋቢ ካለ ምን ያስፈልጋል» ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት።

አብረውን የነበሩት ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋቢውን በእጃቸው መዘን አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ዛሬ ልብስ አይሆንም፤ ነገም አይደርቅ» አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ባና ግማሹን ሰጡኝ። ባናው ጫፍ ጫፉ ረጥቧል። ዝናቡ ላዩ ላይ ፍንጥቅጥቅ ብሎ እንደ ጤዛ ቆሟል። ግን ይሞቃል። ሌሊቱን ተጠጋግተን አነጋን። ጋቢው የደረቀው በአራተኛው ቀን፣ ደባርቅ ገብተን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጓዝ ስሸክፍ እያንዳንዱን ዕቃ አነሳና አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ቢረጥብስ? ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ነው። ዋጋም፣ ክብደትም፣ መልክም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ወሩን ቁረጡ

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ያን ያህል የታወቀ ቦታ ነው። ብዙ የአገር ልጅ ግን ቅዝቃዜውን አሳንሶ ይሄዳል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳንቃበር 3,250 አካባቢ ነው። ግጭና ጨነቅ የሚባሉት ካምፖች 3,600 ይደርሳሉ። ራስ ደጀን ከ4,500 ያልፋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር ላይ በቲሸርት አምሽቶ በማግስቱ ግጭ ያደረ ሰው ልዩነቱ ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋበታል። ነፋሱን ሳንቆጥር ነው ይሄ።

ብርዱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የክረምቱ ብርድ እርጥብ ነው። ጉም፣ ጭቃ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ የማይደርቅ ልብስ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደግሞ ደረቅ ነው። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ፤ በላስቲክ የተተወ ውሃም ይረጋል። ቴርሞሜትር ብታዩ የጥሩ ሌሊት ይብሳል። በእኔ ልምድ ግን ሰው የሚጎዳው በክረምቱ ነው፤ ምክንያቱም የረጠበ ሰው 8 ዲግሪ ላይም ይንቀጠቀጣል። ውሃ ከአየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ከመስቀል በኋላ ሂዱ። አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ስህተታችሁንም ይምራችኋል። እግረ መንገድ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አካባቢው ላይ ያለ ሰው ጠይቁ።

ጋቢ፣ ባና፣ ስሊፒንግ ባግ

ጋቢን ማንም ሊያስጠላኝ አይችልም። አራት ድርብ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን በድርቦቹ መሀል አየር ይይዛል፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሲረጥብ ግን ጥጡ ውሃውን ጠጥቶ ይተኛል። አየሩ ይወጣል። በእሱ ቦታ ውሃ ይገባል። ያኔ የለበሳችሁት ሙቀት የሚሰጥ ሳይሆን ሙቀት የሚወስድ ነገር ነው። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። ያን ቀን ግጭ ላይ የያዝነው ጋቢ በአንድ እጅ አይነሳም ነበር።

ባና ሱፍ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር። ይኮሰኩሳል፣ ይከብዳል፣ መጀመሪያ ሰሞን የበግ ሽታ አለው። ቢረጥብስ? የሱፍ ክር ረጥቦም እንደ ጥጥ አይተኛም፤ ጥቂት አየር አያጣም። ቀላል ዝናብ ላዩ ላይ ይቆማል፣ ታራግፉታላችሁ። ደጋ ላይ ከብት የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሱፍ የለበሰው በምክንያት ነው። ችግሩ ጥቅልሉ ነው። አንድ ባና የቦርሳችሁን ግማሽ ይበላል። በበቅሎ ለሚጫን ጉዞ ግድ የለም። በጀርባችሁ የምትሸከሙ ከሆነ ተዉት።

ስሊፒንግ ባግ ሁለት ዓይነት ነው። በዳክዬ ወይም በዝይ ላባ የተሞላው በጣም ቀላል ነው፤ ተጨምቆ ሁለት ጡጫ ያክላል። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን የሚያመጡት ብዙ ጊዜ ይሄን ነው፣ ውድም ነው። ቢረጥብስ? ላባው ይጣበቃል፣ ባጉ ከአንሶላ የተሻለ ነገር አይሆንም። ጨነቅ ላይ በክረምት ማድረቅ ደግሞ አይታሰብም። ሁለተኛው በሰው ሠራሽ ፋይበር የተሞላው ነው። ይገዝፋል፣ ይከብዳል። ቢረጥብ ግን ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ጠምዝዛችሁ ገብታችሁ ትተኛላችሁ። ደስ አይልም፤ ታነጋላችሁ።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ለክረምት የፋይበር ባግ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ለታኅሣሥና ለጥር ላባ፣ ካላችሁ። ላባ ከሌላችሁ ፋይበሩን ይዛችሁ ባና ደርቡበት። ደባርቅና ጎንደር ላይ የሚከራይም ታገኛላችሁ። ስትከራዩ ዚፑን እስከ ታች ከፍታችሁ ዝጉት። ከዚያ በእጃችሁ እየደባበሳችሁ የሳሳ ቦታ ፈልጉ። የብዙ ሰው ጀርባ የተኛበት ባግ ከመሀሉ ባዶ ይሆናል። በጨርቅ ብቻ የተሸፈነውን ቦታ ጣታችሁ ወዲያው ያውቀዋል።

ባጉ ላይ ከአንድ በላይ የሙቀት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ተመችቷችሁ የምትተኙበት ነው። ሌላው ተኮራምታችሁ የምትችሉት የመጨረሻው ወሰን ነው። ሻጭ በትልቁ የሚያሳያችሁ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው። እናንተ በመጀመሪያው ግዙ። ለእነዚህ ካምፖች ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሚል ይሁን።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ግን ከሥር የሚነጠፈው ነው። ሰውነታችሁ የተጫነው የባግ ክፍል ይጨፈለቃል፤ አየር የለውም፤ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ይጠጣል። ውድ ባግ ያለ ፍራሽ ከያዘ ሰው ይልቅ ርካሽ ባግ በወፍራም ስፖንጅ ላይ ያነጠፈ ሰው ይተኛል። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ይመቻል። ግን እሾህ አለ፣ ድንጋይ አለ፤ ሌሊት ሲተነፍስ ምንም ማድረግ አይቻልም። ስፖንጅ አይተነፍስም። እኔ ስፖንጅ ነኝ።

ዝናቡን በምን?

ጃንጥላ መንደር ውስጥ ይሁን። ገደሉ ጫፍ ላይ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው። ይገለብጠዋል፣ እጃችሁንም ያስርባችኋል።

ፖንቾ፣ በራስ ላይ የሚጠለቀው ሰፊ የዝናብ ልብስ፣ ርካሽ ነው፣ ቦርሳችሁንም አብሮ ይሸፍናል፣ አየር ስላለው አያላብስም። እስከ ሳንቃበር ባለው መንገድ ከጃኬት ይሻላል እላለሁ። ከፍ ስትሉ ግን ነፋሱ ያራግበዋል፤ ሽቅብ ስትወጡም እግራችሁን አታዩም። ገደል ባለበት አገር እግሩን የማያይ ሰው አልወድም። የዝናብ ጃኬት እዚያ ያሸንፋል። ጃኬት ስትመርጡ የጨርቁን ስም ትታችሁ ስፌቱን አዩት። ከውስጥ ገልብጡት። ስፌቱ ላይ ቀጭን ቴፕ ከተለጠፈበት ዝናብ ይመልሳል። ካልተለጠፈበት የነፋስ ጃኬት ነው፤ በግማሽ ሰዓት ትከሻችሁ ይረጥባል።

ሁለቱንም ከቻላችሁ ያዙ። ጃኬቱ ለእናንተ፣ ፖንቾው ለጭነቱ። አንድ ነገር ግን አደራ። ስካውቱና በቅሎ ነጂው የራሳቸውን ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። ያ ልብስ ብዙ ጊዜ አንድ ኩታና አንድ የሳሳ ካፖርት ነው። ሁለት ሦስት ሜትር ወፍራም ላስቲክ ከደባርቅ ገበያ ለእነሱ ብላችሁ ግዙ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ሌሊት ያንን ጥላ አድርገው ያድራሉ። ድሮ ለዚህ ከሣር የተሠራ ገሳ ነበር። አሁን ላስቲክ ተክቶታል።

ሱሪ ላይ አጭር ቃል፦ ጂንስ አይሁን። ረጥቦ ከጭናችሁ ጋር ይጣበቃል፣ ይከብዳል፣ ሁለት ቀን አይደርቅም። ቀጭን የስፖርት ቱታ በብዙ ይበልጠዋል።

አንድ ወፍራም ወይስ ሦስት ቀጭን?

ብዙ ሰው አንድ ወፍራም የቆዳ ጃኬት ይዞ ይመጣል። ሽቅብ ሲወጣ ያልበዋል፣ ያወልቀዋል፣ ነፋስ ይመታዋል። ሦስት ቀጭን ልብስ ይሻላል። ሲሞቅ አንዱን ታወልቃላችሁ፣ ስትቆሙ ትመልሳላችሁ።

ከሥር የሚለበሰው ጥጥ ቲሸርት አይሁን። የኳስ ማሊያ ልበሱ። የቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ማሊያ ላብ አይጠጣም፣ በእናንተው ሙቀት ላያችሁ ላይ ይደርቃል። ከላዩ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ (ለስላሳ የፖሊስተር ሹራብ) ይሁን። ከዚያ የዝናቡ ጃኬት።

አዲስ መግዛት ወይስ ሰልባጅ? ለሹራብና ለፍሊስ ሰልባጅ። ቦንዳ ሲፈታ በጠዋት የደረሰ ሰው ሱቅ ውስጥ በእጥፍ የማያገኘውን ሱፍ ያገኛል። አንገትጌው ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ አንብቡ። ሱፍ ወይም ፖሊስተር የሚል ውሰዱ፣ ጥጥ የሚል መልሱ። ለዝናብ ጃኬት ግን ሰልባጅ አልመክርም። የውስጡ ሽፋን ያረጀ ጃኬት ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ዝናብ ሲመታው ያልፋል። ሰልባጅ ካገኛችሁ እንኳ ሳትሄዱ በፊት ለብሳችሁ ሻወር ሥር አምስት ደቂቃ ቁሙ።

ቆብ፣ ጓንት፣ አንገት የሚሸፍን ነገር። እነዚህ ላይ አትከራከሩ፤ ያዙ። ለቀን ደግሞ ባለ ጥላ ባርኔጣ፣ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ፀሐዩ ከብርዱ ጋር አብሮ ያቃጥላል።

ጫማ

እዚህ የአገሬው ሰው ምርጫና የእኛ ምርጫ ይለያያል። ስካውቶቹ በፕላስቲክ ጫማ ወይም በሺዳ ቧሂትን ሲወጡ ታያላችሁ። ፕላስቲክ ውሃ ቢገባበትም አይጠጣም፤ ትደፉታላችሁ፣ አለቀ። በእኛ ጥያቄ ከመዘናችሁት ትክክል ናቸው። ግን የእነሱ እግር ያንን ድንጋይ ከልጅነቱ ያውቀዋል። የከተማ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ድጋፍ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ከተማ ውስጥ ተላመዱት። ስኒከር በኅዳር ይሠራል፣ በነሐሴ አይሠራም፤ ጭቃው ላይ ያንሸራትታል። የጎማ ቦት ለጭቃው ጥሩ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን እግር ውስጡ እየተንሸራተተ ጥፍር ያስለቅቃል።

ቦታችሁ መርጠቡ አይቀርም፣ የቱንም ያህል ውድ ይሁን። ያኔ የሚያድናችሁ ካልሲ ነው። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። ቀን አይለበስም፣ ማንም ቢለምን አይሰጥም። ጠዋት የረጠበውን ጫማ ስታደርጉ ደረቅ ካልሲ፣ በላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማው። እግራችሁ ያልበዋል፤ አይበርደውም።

ሻንጣ፣ ቦርሳ ወይስ ማዳበሪያ?

ባለ ጎማ ሻንጣ በቅሎ ላይ አይጫንም። ጠርዙ የእንስሳዋን ጎን ይልጣል፣ በቅሎ ነጂውንም ያስቸግራል። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ወይም ለስላሳ የጨርቅ ሻንጣ ይሁን። የቦርሳ ሽፋን ተብሎ የሚሸጠው ነገር ከጀርባ በኩል ክፍት ነው፤ ውሃው በዚያ ይገባል። ከእሱ ይልቅ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት እመርጣለሁ፤ ውስጡ ላስቲክ ያለውን። አጥባችሁ አድርቁት። ቦርሳችሁን እንዳለ ክተቱበትና አፉን እሰሩት። አስታውም እሾሁም ላዩን ጨርቅ ይቧጭራል እንጂ ላስቲኩ ላይ በቶሎ አይደርስም። ያን ጊዜ ይሄን ባውቅ ጋቢዬ ደረቅ ይገባ ነበር።

በትከሻችሁ የምትይዙት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ጃኬቱ፣ አንድ ሹራብ፣ ቆብ፣ ውሃና የምትበሉት ነገር ይኑር። በቅሎዎቹ በሌላ መንገድ ይቀድማሉ ወይም ይዘገያሉ። ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱ በቅሎዋ ላይ ከሆነ እንደሌላችሁ ነው።

ስንቅና እሳት

ፓስታ የሁሉም ሰው ምርጫ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓስታው ይቆያል፣ ጋዙ ያልቃል፣ እናንተም በነፋስ ትቆማላችሁ። ምስርና ባቄላማ አይሞከርም። ድርቆሽ ያዙ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም። የሞቀ ውሃ፣ ዘይትና በርበሬ ካገኘ በአምስት ደቂቃ ራት ነው። ለመንገድ በሶ። ጭብጦ አድርጋችሁ በማር ወይም በስኳር ያዙት፣ እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ። ድርቆሽና በሶ ቢረጥቡስ? አዎ፣ ይበላሻሉ። ሁለት ሁለት ፌስታል አልብሷቸው።

ጉዟችሁ ረቡዕና ዓርብን ወይም የጾም ወራትን ከነካ ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂው የጾም ስንቅ አስቡ። ቱና ብቻ ይዞ ሄዶ ሰውየውን ጦሙን ያሳደረ ሰው አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

ለእሳት የካምፒንግ ጋዝ ንጹህና ፈጣን ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ቡቴን ብቻ ከሆነ ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እሳቱ ይሞታል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ፈልጉ፤ ወይም ጣሳውን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አሳድሩት። በአውሮፕላን ማምጣት ክልክል ነውና ዘመድ ላይ አትቁጠሩ። የላምባ ምድጃ ይሸታል፣ ያጠቁራል፤ ብርድ ግን አያቆመውም። ለክረምት ላምባ እላለሁ።

ከሰል ግን ድንኳን ውስጥ በፍጹም! እባካችሁ። የጠፋ ቢመስልም፣ ረመጥ ብቻ ቢሆንም፣ ዚፑን ትንሽ ብትከፍቱም። ጭሱ ሽታ በሌለው መርዝ ነው የሚገድለው። የሚያስተኛችሁ እንቅልፍ የሙቀት ይመስላችኋል። ከበረዳችሁ ውሃ አፍሉ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ሙሉ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሞቃል።

ስልክና ባትሪም ብርድ ይፈራሉ፤ እነሱም ባግ ውስጥ ይደሩ። ከፍታው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካመጣባችሁ ባላችሁበት እደሩ። ከባሰ፣ በተለይ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ተቀምጣችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ በዚያው ሰዓት ውረዱ። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ቦርሳ ውስጥ የለም።

ወደ ሌላ ቦታ ከሆነስ?

ባሌ ብትሄዱ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። ገደል የለም፣ መሸሸጊያም የለም፣ ነፋሱ ግን አያርፍም። መኪና ስለሚወጣ ባናውንም ወፍራም ብርድ ልብሱንም መጫን ትችላላችሁ። ድንኳናችሁ ግን ዝቅ ያለ ይሁን፣ ካስማውም ጠንካራ።

ዳሎል ደግሞ ሁሉን ነገር ይገለብጠዋል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያለ አገር ነው። እዚያ ጥጥ ንጉሥ ነው። ሰሜን ላይ የሚጎዳችሁ ነገር፣ ላብን ጠጥቶ ቀስ እያለ ማትነኑ፣ እዚያ ያበርዳችኋል። የኳስ ማሊያውን ቤት ተዉትና ሰፊ የጥጥ ሸሚዝና ነጠላ ያዙ። «ቢረጥብስ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ «ውሃው ቢያልቅስ?» ይሆናል።

ጋቢዬ አሁንም ሰሜን ይወጣል። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ አፉ ታስሮ፣ ከማዳበሪያው መሀል ይቀመጣል። መንገድ ላይ የቱንም ያህል ቢበርድ አይፈታም። የሚወጣው ማታ ድንኳኑ ከተተከለና የረጠበው ልብስ ከተወለቀ በኋላ ነው። ያኔ ባጉ ውስጥ እገባና ከላይ እደርበዋለሁ። ቤት ቤት ይሸታል።